የነጣው ቀለበት

ወርቅ ሠሪው የተገኘው በገዛ ሥራ ጠረጴዛው ሥር ወድቆ ነበር። ቀኝ እጁ ወረንጦውን እንደጨበጠ ቀርቷል። ለሚያየው ሰው፣ የጣላትን ትንሽ ነገር ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ከጭንቅላቱ አጠገብ ግን ወርቅ የሚቀጠቅጥበት ከባድ መስፍ ነበር፤ የመስፉ ጠርዝ ላይ ደም ነበረበት።

ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ነው። ከጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰዓት ይጠግናል። ከምሳ ሲመለስ የጋዝ ሽታ አፍንጫውን መታው፤ ሮጦ ገብቶ ሲሊንደሩን ዘጋ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ወንድሙን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ፖሊስ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የአንድ ሰዓት ማሰሪያ በጣቱ ላይ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል።

መርማሪዋ ከመናገሯ በፊት ማየት ትወዳለች። የወርቁ መሳቢያ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ከሟቹ ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሏል። መዶሻዎቹ በየመስቀያቸው ላይ በመጠናቸው ተደርድረዋል፣ ንጹሕ ናቸው። ወለሉ ላይ አንዲት ያልተለኮሰች የክብሪት እንጨት ወድቃለች። ከጠረጴዛው እግር ሥር ደግሞ ቀለበት አለ። አነሳችው። ከላይ እንደ ብር ነጭ ነው፤ ውስጡ ላይ ግን እዚህም እዚያም ቢጫ ወርቅ ይታያል።

ሳጅኑ ከትከሻዋ በላይ አየና ጉዳዩ እንዳለቀ ነገራት። ባልደረቦቹ «ችኩሉ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። ሰውየው ብር በወርቅ ቀብቶ ሸጠ፣ ቅቡ ተላጠ፣ የተታለለው ሰው መጣና ጨረሰው። ምን ቀረ?

«አንተ ሬሳው ሳይነሳ ፋይል ትዘጋለህ» አለችው። «እስቲ ንገረኝ፣ ሊገድለው ከመጣ ሰው ፊት ክብሪት የሚያወጣ ሰው ማነው?»

«ሲጋራ ሊያጨስ ይሆናላ።»

«በወረንጦ?»

ሐኪሙም መጥቶ አይቶ፣ ቁስሉ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ይህም ከመስፉ ጠርዝ ጋር እንደሚገጥም፣ ሰውየው ተገፍቶ ወይም ተንሸራቶ ወድቆ እንደሚሆን ነገራቸው። የመታው ሰው እንዳለ የሚያሳይ ምልክት ግን የለም።

የሟቹ ሚስት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሚጠይቋትን ሁሉ እንደታዘዘ ሰው ትመልሳለች። ባሏ ምሳውን ሱቁ ውስጥ ይበላል፤ ጠላት የለውም፤ አንድ ክፉ ልማድ ቢኖረው፣ ደንበኛ ሳይጠይቀው መምከር ነው። ለእጮኛዬ ቀለበት ሥራልኝ ያለውን ሁሉ አስቀድሞ የሴቲቱን ሥራ ይጠይቃል። እጇ ምን ይነካል? ውሃ ነው፣ ሳሙና ነው፣ አፈር ነው? ልስልሱን ወርቅ ለማን፣ ጠንካራውን ለማን፣ ብሩን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ይስቅበት ነበር፤ «ጋሼ፣ ቀለበት ነው የምትሸጥልኝ ወይስ ልትቀጥራት ነው?» ይለዋል። እሱም አብሮ ይስቅና ጥያቄውን ይደግማል።

ይህን ስትናገር ፈገግ ልትል ነበር፤ መሃል ላይ ፊቷ ተሰበረ። ከመስኮቱ ውጭ፣ ግቢው ውስጥ፣ ሊያጽናኑ የመጡ ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። የነጣው ቀለበት ወሬ ከፖሊሶቹ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል።

«ሰማሻቸው እህቴ?» አለች መርማሪዋን። «ቅብ ሲሸጥ ኖሮ ነው የተገደለው ይላሉ። ገዳዩን ብታገኙትም እሱ አይመለስልኝም። ሌባ ግን አታስብሉት። ልጆቼ እዚሁ ሰፈር ነው የሚያድጉት።»

መርማሪዋ ቃል የመስጠት ልማድ የላትም። እጇን ያዘቻት።

ሳጅኑ በበኩሉ ወንድምየው ላይ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ወንድማማቾቹ በመሃላቸው ባለው ግድግዳ የተነሳ ሰሞኑን ተኳርፈው ነበር፤ ታናሽየው በር ሊከፍትበት ይፈልጋል፣ ታላቅየው ጋዝ ካለበት ክፍል ጋር አይሆንም ይላል። ለሳጅኑ ይህ በቂ የመግደያ ምክንያት ነበር። ነገር ግን ሰዓት ጠጋኙ ምሳውን የበላው መንገድ ተሻግሮ ካለው ምግብ ቤት ነው። አስተናጋጇ በደንብ አስታወሰችው፤ መነጽሩን ረስቶ ሲወጣ እያሳደደች ሰጥታዋለች። ስለ ጋዙም ወንድሙ ልክ እንደነበረ እሱው ራሱ እያለቀሰ ተናገረ።

ቀለበቱን ሲያሳዩት ግን እንባውን ጠርጎ አገላበጠው። የወንድሙ እጅ ሥራ መሆኑን አላጣውም። ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከሹፌሩ እናት አምባር አቅልጦ የሠራለት እንደሆነ፣ ሲሠራውም ቢጫ እንጂ ነጭ እንዳልነበረ ነገራቸው።

ሹፌሩ ከእናቱ ጋር የሚኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። እናትየው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የልጃቸውን ሸሚዝ ቁልፍ ይተክሉ ነበር። ለእንግዶቹ ወንበር ጎትተው አቀረቡ፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ተመልሰው ወደ መርፌያቸው ጎንበስ አሉ። ወርቅ ሠሪው በሞተበት ሰዓት የት እንደነበሩ ሲጠየቁ፣ ቤት ውስጥ ልብስ ሲያጥቡ እንደነበር ተናገሩ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ልጁ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዓይነ አፋር ጎልማሳ ነው። ነገሩን ሳይደብቅ ተናገረ። ሊያገባት የነበረችው ነርስ ናት። ቀለበቱን በሰጣት ጊዜ ደስታዋ ሌላ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ቀለበቱ በድንገት ነጣ። አሳዳጊ አክስቷ አየችና ቤቱን ቀወጠችው፤ ገና ከአሁኑ በቅብ ያታለለ፣ ካገባ በኋላ በምን ሊያታልል ነው አለች። ቀለበቱን አስወልቃ፣ ከስድብ ጋር ጠቅልላ መለሰችለት። ጋብቻውም በዚያው ቀረ።

«ከዚያ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ሄድክ?»

«አልሄድኩም። በምን አፌ? እሱ በሞተበት ቀንማ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አውቶቡሱ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ዳር ቆመን ነው የዋልነው። ቀለበቱማ እዚህ ጠረጴዛ ላይ…»

መርማሪዋ ቀለበቱን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሹፌሩ ቀለበቱን አየ። ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ባዶውን ቦታ አየ። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። 

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ተገኘ። የገደልኩት እኔ ነኝ አለ።

ሳጅኑ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ወንበሩን ለሹፌሩ አቀረበለት፣ ውሃም አስመጣለት፤ ጥፋቱን ያመነ ሰው ይወዳል። መርማሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«በምን ገደልከው?»

«በመዶሻ መታሁት።»

«መዶሻውን የት ጣልከው?»

«እዚያው… ወለሉ ላይ።»

«ጋዙን ማን ከፈተው?»

«የምን ጋዝ?»

መርማሪዋ ሳጅኑን አየችው። እሱም ብዕሩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። አውቶቡሱ ጎማው በፈነዳበት መንገድ ዳር፣ ሲነጫነጩ የዋሉ ተሳፋሪዎች ሞልተዋል፤ ጃኪውን አብሮት የያዘ ሰውም ተገኝቷል። ልጁ የሠራው ወንጀል ቢኖር ውሸት መናገር አለመቻሉ ነው።

ከክፍሉ ሲወጡ ሳጅኑ አዲስ ነገር አሰበ። ወንድ ልጅ እንዲህ ራሱን የሚያስረው ለሚወዳት ሴት ነው፤ ስለዚህ ነርሷ ናት። በዚህኛው መርማሪዋም አልሳቀችበትም።

ነርሷን ያገኟት ክሊኒኩ ውስጥ፣ ልብስ በምትቀይርበት ክፍል ነው። ዓይኗ አብጧል፤ የቀለበት ጣቷ ላይ ገና ያልጠፋ የቀለበት መስመር አለ። በዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ክትባት ስትሰጥ እንደዋለች፣ ምሳ እንኳን እንዳልወጣች አለቃዋም ልጆቻቸውን ያስከተቡ እናቶችም መሰከሩ። ሳጅኑ ደብተሩን አጠፈ። መርማሪዋ ግን አልተነሳችም። ቀለበቱ መንጣቱን ያየችው መቼ እንደሆነ፣ የዚያን ዕለት ምን ስትሠራ እንደዋለች ጠየቀቻት።

ነርሷ ለማስታወስ አልተቸገረችም። ከባድ ቀን ስለነበር ነው። የድሮው የደም ግፊት መለኪያ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ተሰበረ፤ ውስጡ ያለው ሜርኩሪ እንደ ዶቃ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሕፃናት ወለሉ ላይ ይድሁ ስለነበር ጓንት ለማምጣት እንኳን ጊዜ አልነበራትም። ተንበርክካ በባዶ እጇ፣ በወረቀት እየገፋች ሰበሰበችው።

«ቀለበትሽን አውልቀሽ ነበር?»

«አላወለቅኩም። ለምን አወልቃለሁ? ከሰጠኝ ጀምሮ ለመታጠብም አላወለቅኩትም።»

መርማሪዋ ስለ ብረታ ብረት የምታውቀው ብዙ አልነበረም። ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣ አለ። ቀለበቱን ይዛ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ላቦራቶሪ ሄደች። የላቦራቶሪው ባለሙያ ታሪኩን ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሜርኩሪ ወርቅ ሲያገኝ እንደሚጣበቅበት፣ ፊቱንም ነጭ እንደሚያደርገው፣ ወርቁ ግን እዚያው ሥር እንዳለ ነገራት። የሚለየው በእሳት ነው፤ ጭሱ መርዝ ስለሆነ መስተዋት በተጋረደበት ቦታ ይሠራል።

መስተዋቱ ጀርባ ቆማ አየች። ባለሙያው ቀለበቱን በረጅም ወረንጦ ይዞ ነበልባሉን አስጠጋለት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ነጩ እንደ ጉም ተነሳ፤ ከሥሩ ቢጫው ብቅ አለ፣ ሰፋ፣ ቀለበቱን ሞላው። ባለሙያው ሲመዝነውና ሲፈትሸው ንጹሕ፣ ያልተበረዘ ወርቅ ሆኖ አገኘው። በወርቅ ሠሪው መዝገብ ላይ ከተጻፈው የአምባሩ ክብደት አንዲት ቅንጣት እንኳን አልጎደለም።

ለሟቹ ሚስት ሲባል ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ነገር ግን ወረንጦውንና ነበልባሉን አንድ ላይ ስታይ፣ ያቺ ያልተለኮሰች ክብሪት ምን ልትሠራ እንደወጣች ገባት። ሰውየው ቀለበቱን ሲያየው ምን እንደደረሰበት አውቋል። ጋዙን የከፈተው ይህንኑ ሊያሳይ ነበር። ሊያሳይ የነበረው ግን ለማን ነው?

ወደ ጣቢያው ተመልሳ፣ ቃሌን አላነሳም ብሎ እዚያው የተያዘውን ሹፌር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። ወርቅ ሠሪው የእጮኛህን ሥራ ጠይቆህ ነበር ወይ? ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ጠይቆታል። ነርስ ናት ሲለው፣ እጇ መድኃኒትና ኬሚካል ስለሚነካ ለሥራ የማይዝግ ብረት ቀለበት እንዲሠራላት፣ ወርቁ ለክብር ቀን እንዲቀመጥ መክሮታል። እምቢ ቢል እንኳን ሥራ ስትገባ እንድታወልቀው አጥብቆ እንዲነግራት አሳስቦታል።

«ነገርካት?»

«እናቴ ከእጇ ያልወጣ አምባሯን አውልቃ ሰጥታኝ፣ ብረት ይሻላል ልበላት? ለእጮኛዬስ ቢሆን፣ ገና ጣቷ ላይ ሳደርገው አውልቂው እንዴት እላለሁ? ቅር ይላታል ብዬ ዝም አልኩ» አለና ቀና ብሎ አያት። «ለምንድን ነው የጠየቅሽኝ?»

መርማሪዋ ወደ በሩ አመራች። እሷም እናት ናት። አንድ ልጅ አላት፤ ልጇን ትራፊክ ፖሊስ እንኳን ቢያስቆመው መቶ ጥያቄ ትጠይቃለች። የሹፌሩ እናት ግን ፖሊስ ቤታቸው ገብቶ ልጃቸውን ሲያፋጥጥ፣ ምን አድርጎ ነው ብለው አንዴም አልጠየቁም። ይህን ያሰበችው አሁን ነው።

ሳጅኑን መኪና ውስጥ ትታ ሹፌሩ ቤት ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናትየው እዚያው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ሸሚዙ ጭናቸው ላይ ነው፣ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም። ልጃቸው መታሰሩን ሰምተዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

መርማሪዋ ከፊታቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ብዙ ነገር አስባ መጥታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። ቀለበቱን አውጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ያው ቀለበት ነው እማማ። የእርስዎ አምባር ነው። ያነጣው ክሊኒኩ ውስጥ የነካው ነገር ነው። ሥሩ ወርቅ ነበር፤ ምንም አልጎደለበትም።»

እናትየው ቀለበቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። አዩት፣ አዩት። ቢጫው ጣታቸው ላይ ይንጸባረቃል። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«እሳቱን ሊለኩስ ሲል… ይሄን ሊያሳየኝ ነበር?»

ስለ እሳት ማንም አልነገራቸውም። መርማሪዋ የመጣችው ይህን ቃል ልትሰማ ነው፤ ስትሰማው ግን ባልሰማሁት ብላ ተመኘች።

እናትየው ያለ ጥያቄ ተናገሩ። ልጃቸው ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሌሊት ግድግዳውን ዞሮ ይተኛል፣ ሲያናግሩት ደህና ነኝ ይላል። አንጀታቸው አልቻለም። ቀለበቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሄዱ። ለጠብ አልነበረም፤ ወርቄን መልስና ልጄን አድንልኝ ሊሉት ነው። ወርቅ ሠሪው ተቀበላቸው፣ ወንበር ሰጣቸው። ቀለበቱን አገላብጦ አይቶ፣ «አይዞዎት እናቴ፣ አሁን በእሳት አሳይዎታለሁ» አላቸው። ከዚያ ሲሊንደሩን ከፈተና ክብሪት አወጣ።

«አቅልጦ ሊያጠፋብኝ ነው ብዬ አሰብኩ ልጄ። ያለኝ ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። ካቀለጠው ማን ያምነኛል? ተነሳሁና ከእጁ ልነጥቀው ስል ገፋሁት። እንዲህ ብዬ፣ በዚህ በማይረባ ክንዴ። ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁ። ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ቀለበቱ የት እንደወደቀ እንኳን አላውቅም።»

ሸሚዙን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ የመርማሪዋን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። አንድ ነገር ብቻ ለመኗት። እሳቸው ይታሰሩ፣ የሚገባቸውን ይቀበሉ፤ ልጃቸው ግን ቀለበቱ ወርቅ መሆኑን አይስማ። እናቴ የሰረቃትን ሰው ሳታስብ ገፋችው ብሎ ይኑር፤ ያን ይችለዋል። ንጹሕ ሰው ገደለች የሚለውን ግን አይችለውም።

መርማሪዋ የልጁን ጥያቄ አስታወሰች፤ ለምንድን ነው የጠየቅሽኝ ያላትን። አንዲት ቃል ባለመናገሩ የሆነውን ሁሉ ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል ታያት። ልትላቸው የምትችለው ብዙ ነበር፤ ሕጉ እንደማይፈቅድ፣ የላቦራቶሪው ውጤት እንደተጻፈ። ይህን አላለችም።

«እማማ፣ የሰውየው ሚስት ገዳዩን አግኙልኝ አላለችኝም። ባሌን ሌባ አታስብሉብኝ ነው ያለችኝ። ልጆች አሏት።»

እናትየው እጇን ለቀቁ። ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ፤ ከልማድ የተነሳ ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን መለሱ። በመጨረሻ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«መጀመሪያ እሷ ዘንድ ውሰጂኝ» አሉ። «ጣቢያውን ከዚያ በኋላ።»

እንዲህ ያለ ነገር አይፈቀድም። ሳጅኑ መኪናው ውስጥ ይህን ሊያስታውሳት አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናውን ቀስ ብሎ ነዳ።

የሟቹ ቤት ግቢ ዛሬም ሰው ሞልቶታል። ሲያልፉ ወሬው ለአፍታ ቆመና ከጀርባቸው እንደገና ቀጠለ፤ ቅብ የሚል ቃል በመሃል ተሰማ። ሚስትየዋ ከነጠላ ውስጥ ቀና ብላ፣ አሮጊቷን ከማታውቃቸው አጽናኞች አንዷ አድርጋ ቆጠረቻቸው። ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ። ደክሞዎታል» አለቻቸው።

እናትየው አልተቀመጡም። ከፊቷ ቆሙ፤ እጆቻቸውን የት እንደሚያደርጓቸው አላወቁም።

«ባልሽን የገፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ወርቄን ሰረቀኝ ብዬ ነው። አልሰረቀኝም።»

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ተነሳች። ሳጅኑ ፈራና ወደፊት ተራመደ፤ መርማሪዋ እጅጌውን ይዛ አስቆመችው። ሚስትየዋ ግን አሮጊቷን አልፋ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ሁለቱንም መዝጊያ እስከ መጨረሻው ወለል አድርጋ ከፈተችው። ግቢው ውስጥ ያሉት ጎረቤቶች ደንግጠው ዝም አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ተመልሳ መጥታ ከአሮጊቷ ፊት ቆመች። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«የመጨረሻውን ቃል ድገሚው» አለች። «ጮክ ብለሽ።»